ከድንጋዩ ክምር ያነሳሁት

ጥቅምት 3 ቀን 1995
ልብስ አጠብኩ። ገብስ ለቀምኩ። ማታ አጎቴ ጌጡ፣ “ነገ ጨው ጭኜ ቀየት እሄዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ። ቤት ውስጥ ሻገትሽ እኮ!” አለኝ።
እሺ አልኩ። ከራቤል ወጥቼ አላውቅም። ከየቦታው አንዳንድ ነገር ይዤ ልመለስ... እንቅልፍ የለም።

ጥቅምት 4
ጋቢና ውስጥ አጎቴ፣ እኔና ሻሽ ነጋዴዋ እትዬ ሐጂራ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ከጨው ላይ።
መንገድ ዳር አንድ የጣሊያን ዳምጠው ዝጎ ቆሟል። ሹፌር ሁሉ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለዋል። “ካልሰላምሽው ጎማ ያፈነዳል” አለ አጎቴ። የዝገት ቅርፊት በወረቀት ጠቀለልኩ።
አዳራችን አቶ ወዳጆ ሻይ ቤት። ግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት ሰዓቶች ተሰቅለዋል፣ ሁሉም የቆሙ። አጎቴ “ስንት ሰዓት ሆነ?” ቢለው፣ “ደስ ያለህን ምረጥ!”
አንድ ነገር ስጠኝ ማለት አቃተኝ። እትዬ ሐጂራ ጠየቁልኝ። ደቂቃ ቆጣሪ ነቅሎ ሰጠኝ።

ጥቅምት 5

የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጣራ መጀመሪያ ከሚታይበት ጫፍ ላይ የድንጋይ ክምር አለ። መንገደኛ ወርዶ አንድ ይጨምርና ይሳለማል። እኔ አነሳሁ። አንዲት ነጭ። ልማዱን አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ከሁሉም ቦታ ይዤ ከዚህ ባዶ እጄን...
አንድ ኩርባ እንዳለፍን መኪናው ቆመ። አጎቴ ሥሩ ገባ።
ከጨው ላይ የወረዱት ሽማግሌ፣ አባ ጫኔ፣ “ድንጋይ ያላስቀመጠ ሰው አለ” አሉ። ሁሉም እትዬ ሐጂራን አዩ። ከጋቢና ያልወረዱት እሳቸው ብቻ ነበሩ።
“ስንት ዓመት ሳልወርድ ሳልፍ መኪናው ዛሬ አወቀኝ?” ብለው ሳቁ። ማንም አልሳቀም። አንዱ የሻሽ ጆንያቸውን መሬት ጣለው። “በእግርዎ ይምጡ!”
ተናገሪ... ተናገሪ...
“እኔ ነኝ።” ማንም አልሰማኝም።
“እኔ ነኝ! ወስጄ ነው!”
“ወሰድሽ?” አሉ አባ ጫኔ። “ሰው ያስቀምጣል እንጂ ይወስዳል ልጄ?”
አጎቴ ጥቁር በጥቁር ሆኖ ወጣ። “ምን ያጨቃጭቃችኋል? የናፍጣ ማጣሪያው ተደፍኖ ነው።”

ጆንያውን በአንድ ጫፍ ያዝኩ። ከበደኝ። አባ ጫኔ መጥተው ሌላውን ጫፍ ያዙ፤ ቀና ብለው ግን አላዩንም።
አጎቴ ሲጠግን ሮጬ ድንጋይዋን መለስኩ። ለእትዬ ሐጂራም አንድ ልጨምር? ተውኩት። አላዘዙኝም።

ጥቅምት 7
ቀየት፣ ገበያ። እትዬ ሐጂራ ሊሰግዱ ሲሄዱ፣ “ሻሹን ጠብቂልኝ” አሉኝ። ጠበቅሁ። ገዢ ሁሉ ያልፋል... ያልፋል...
“ሻሽ! በየመልኩ! ኑ እንጂ!”
ሰዉ ዞሮ አየኝ። አላቀረቀርኩም። ሦስት ሸጥኩ።