ወይዘሮ ተዋበች ይርጋ ስለ ማረፋቸውና መግለጫችን ሦስት ቀን ስለ ዘገየበት ምክንያት

መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጥሪ የማስታወቂያና የገበያ ሥራ ኅብረት ሽርክና ማኅበር ሠራተኞችና ደንበኞች፣ እንዲሁም ለእስቴ፣ ለታች ጋይንትና ለስማዳ ሕዝብ በሙሉ፤

የማኅበራችን መሥራችና ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ተዋበች ይርጋ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በመካነ ኢየሱስ ተፈጽሟል። ማኅበራችን የተሰማው ሐዘን ጥልቅ ነው። በቢሮ ቋንቋ ለመጻፍ ብንሞክርም እንወዳቸው ስለነበር እየከበደን ነው።

ይህ መግለጫ ማክሰኞ ዕለት መውጣት ነበረበት። ሆኖም አንድያ ልጃቸው መምህርት ገነት እናቷን አስታማ፣ ትምህርት ሲጀመር ወደ ሥራዋ ተመልሳ ነበር። ትምህርት ቤቷ የሚገኘው በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቆ ነው። ለቀብሩ እንደማትደርስ እያወቅንም፣ መርዶው ከስልክ ሳይሆን ከሰው አፍ እንዲደርሳት ስለ ወሰንን ዘገየን። ይህን ያስተማሩን ራሳቸው ሟቿ ናቸው።

ወይዘሮ ተዋበች በ2007 ዓ.ም. የመዝገብ ቤት ሥራቸውን ትተው፣ በሁለት ቆርቆሮ ቀለምና በአንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ ማኅበሩን አቋቋሙ። በአዘቦት ቀን የሱቅ ታፔላ ይጽፋሉ፤ አርብ አርብ ደግሞ ታች ጋይንት ወዳለችው አርብ ገበያ ከተማ ተሻግረው የደንበኞቻቸውን ዕቃ ለገበያተኛው ያስተዋውቃሉ። ድምፃቸው ያለ ማጉያውም ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ስለነበር፣ ማጉያውን የሚይዙት ለማዕረግ ነው እያልን እናሾፍባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ማኅበሩ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ገባ። ባልደረባችን እዮብ ፎቶ ያነሣል፣ እሌኒ ጽሑፉን ታሳምራለች፣ ወይዘሮ ተዋበች ላይክ ይቆጥራሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ ደረቀ፤ አርብ ገበያ የሚሄድም ጠፋ። ሁላችንም ዓይናችን ቀልቶ፣ ደንበኛ ፊታችን ቆሞ እያናገረን ቀና ብለን የማናይ ሰዎች ሆንን። እሳቸውም ቅዳሴ ቆመው ሐሳባቸው ነጠላቸው ሥር በሚነዝረው ስልክ ላይ እንደነበር በኋላ ሳይደብቁ ነግረውናል።

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ደንበኛችን አቶ ወልደ ሰንበት ለእርሻ ወቅት የሠሯቸውን ማረሻዎች በገጻችን አስተዋወቅን። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ወደደው። ከአዲስ አበባም ከዐረብ አገርም "አገሬ" እያለ ልብ የላከው ብዙ ነው። አንድ ማረሻ ግን አልተሸጠም፤ ማረሻ የሚገዛው ገበሬ ገጻችንን አያይም። ወይዘሮ ተዋበች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉትና "እናንተ ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ሰው ወደደው፤ ማን ሊያርስበት ነው?" አሉን። እኛ ሳቅን።

በዚያው ዓመት በግንቦት አቶ ወልደ ሰንበት በድንገት ዐረፉ። ማኅበራችን ከሁሉ ቀድሞ ሐዘኑን ለመግለጽ ተጣደፈ። ወይዘሮ ተዋበች "ቶሎ ለጥፈው" አሉ፤ እዮብም ለጠፈ። የሟቹ ልጅ ማንአለሽ በዚያ ሰዓት ከደብረ ታቦር በአውቶቡስ እየመጣች ነበር። ቤት አስገብተው፣ አስቀምጠው፣ ሽማግሌ ሊያረዳት ሲገባ፣ በማታውቀው ሰው መካከል ተቀምጣ ከስልኳ አነበበችው። ከአባቷ ፎቶ ሥር "ነፍስ ይማር" ብሎ የጻፈው የእኛ ማኅበር ነው።

በደሉ የማኅበሩ ነው፤ ሟቿም እንዲደበቅላቸው አንድ ቀን ጠይቀውን አያውቁም። በሠልስቱ ዕለት ድንጋይ ተሸክመው ማንአለሽ እግር ሥር ወደቁ። እሷም "ይነሡ እትዬ። ብቻ ትንሽ ቢጠብቁኝ ምን ነበረበት?" አለቻቸው። ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

በሰኔ ገጾቻችን ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ። የአቶ ወልደ ሰንበትን ማረሻዎች በአህያ አስጭነው፣ ከማንአለሽ ጋር አርብ ገበያ ሄዱ። ገበሬው ብረቱን በእጁ እየመዘነ፣ በድንጋይ እያንኳኳ ገዛ፤ በሦስተኛው አርብ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሥራችን ታፔላና የገበያ ጥሪ ብቻ ሆነ። ኋላ ቀር ሆናችሁ ብለው የተዉን ደንበኞች ነበሩ፤ ወይዘሮ ተዋበች እያንዳንዳቸውን በር ድረስ ሸኝተዋቸዋል። በቢሯችን ግድግዳ ላይም በቀይ ቀለም "ባለቤቱ ሳይሰማ አይለጠፍም" ብለው በእጃቸው ጻፉ። ቀለሙ ሲደበዝዝ በየዓመቱ ያድሱት ነበር።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት እድርተኛውን፣ ጎረቤቱን፣ የመሰናዶ ተማሪውን ሳይቀር ማንም በስልክ እንዳይጽፍ ለመንን። ከተማው በሙሉ ዝም አለልን፤ ውለታው አለብን። ስልክ ከእጁ የማይለየው እዮብም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ከሟቿ የንስሐ አባት ጋር በዕለቱ ተነሣ። እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ተጓዙ። ሐሙስ ማለዳ ገነት ቤት ደረሱ።

ማኅበራችን ለመምህርት ገነት፣ ለቤተ ዘመዱ፣ ለማንአለሽ፣ ድምፃቸውን ለለመደው የአርብ ገበያ ሰው ሁሉ መጽናናትን ይለምናል። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

ዛሬ ጠዋት የንስሐ አባታቸው ከወገዳ ደውለውልናል። ገነት በሯን ከፍታ እዮብን ባዶ እጁን ቆሞ ስታየው፣ ማንም ሳይናገር "እማዬን ነው?" አለች። አብረዋት ተቀመጡ።

ከእንግዲህ መጻፍ የሚፈልግ ሁሉ ይጻፍ። ገነት ሰምታለች።