በቀን የተቀረቀረው በር

ረሂማ፣

ሐኪም ጋራ ሰፈር ለቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ምሳሽ ድስቱ ውስጥ አለልሽ።

የግቢው በር በቀን ሲዘጋ ጎረቤት እንደሚቀየም አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ቀርቅሪው። ጠዋት ምርጫ ቀስቃሾች ነን የሚሉ ሁለት ሰዎች ሳይጣሩ ዘልቀው የክፍልሽን በር ሲገፉ ደረስኩባቸው።

«ተከራይዎ ረሂማ ከየት ነው የመጣችው?» አለኝ አንዱ። ስለ ምርጫው ቃል አልተነፈሰም።

ስምሽን ማን ነገራቸው? አንቺው ለሰው አውርተሽ የወጣ መስሎኝ በሆዴ ተቀይሜሽ ነበር።
ተይው።

«ተከራይ የለኝም፤ ልጄ ናት» አልኩት።
«የእማማ ሮማነወርቅ ልጅ ረሂማ?» ብሎ ሳቀ።
«አዋላጇ አንተ ነበርክ?» አልኩት። ወጡ።

ተመልሰው ከመጡ በሩን ሳትከፍቺ አነጋግሪያቸው። ስለ እኔ ከጠየቁሽ «እትዬ ሮማን» እንዳትዪ፤ «እማዬ» በይ።

እነሱ ከሄዱም በኋላ እንደዚያው ብትቀጥዪ አልጠላም።