ስለ አርክቴክት ኤቫሪስት ዶርንሌ ዕረፍትና ስለ ማረፊያቸው

ለተከበሩ ማዳም ሲዶኒ ዶርንሌ፣
ለማኅበራችን አባላትና ለቫልሙርስ ከተማ ሕዝብ፤

የታላቅ ሰው ባለቤት ሆነው የታላቅነቱን ሸክም ሳያጉረመርሙ የተሸከሙ፣ ለሌላ ሰው የማይነበበውን የባለቤትዎን የእጅ ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት አጥርተው ሲገለብጡ የዐይንዎን ብርሃን የሰጡ፣ ማኅበራችን በየክረምቱ በሳሎንዎ ሲሰበሰብ ለምንጣፍዎ ሳይሆን ለክርክራችን የተጨነቁ ክብርት እመቤት ሆይ፤ የቫልሙርስ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ በእርስዎ ፊት ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳል።

የማኅበራችን መሥራችና ፕሬዚዳንት፣ የመካከለኛውን ዘመን ሕንፃዎች ከፍርስራሽ ያነሡት አርክቴክት ኤቫሪስት ዶርንሌ፣ ሰኞ ኖቬምበር 3 ቀን 1879 የታላቁን ቤተ ክርስቲያን የደቡብ ጣሪያ ሲመረምሩ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቀው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ የተሰማው ሀዘን እጅግ ጥልቅ ነው።

በ1843፣ የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ግንብ አዘንብሎ፣ ጣሪያው የርግብ ጎጆ ሆኖ፣ የከተማው ምክር ቤት ድንጋዩን ለመንገድ ሥራ ሊያውለው ባሰበበት ወቅት፣ ሙሴ ዶርንሌ ሥራውን ተረከቡ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ቆሞ የሚታየው በእርሳቸው ነው፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው።

በ1851 «የሕንፃ አንድ ዕድሜ» የተሰኘውን ዋነኛ መጽሐፋቸውን አሳተሙ። «ቤተ ክርስቲያን የተወለደበት አንድ ክፍለ ዘመን አለው፤ ከዚያ ወዲህ የገባ ሁሉ እንግዳ ነው፤ እንግዳን በአክብሮት እስከ በር መሸኘትም የጠባቂው ግዴታ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገራቸው በሙሉ ድምፅ የማኅበራችን ደንብ ሆኖ ጸደቀ፤ እስከ ዛሬም አንዲት ቃል አልተለወጠበትም።

በቀጣዮቹ ዓመታት አያቶቻችን የተዳሩበት መንበር፣ የተሰበከበት የባሉጥ እንጨት ሰገነትና በግድግዳው ላይ የነበሩት ሥዕሎች ከአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የመጡ በመሆናቸው ተሸኙ። በምትካቸው ሙሴ ዶርንሌ ራሳቸው የነደፏቸው፣ ከጥንቶቹም ይበልጥ ጥንታዊ የሚመስሉ ቅርጾች ቆሙ።

በ1858 ተራው የመቃብሮቹ ሆነ። በቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ላይ ሳለ የሞተ ሰው በደቡቡ መተላለፊያ ወለል ሥር እንዲቀበር የቫልሙርስ ልማድ ነበር፤ ሕጉ ቢከለክልም ማዘጋጃ ቤቱ አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር። ሙሴ ዶርንሌ ልማዱን ሻሩ፤ አፅሞቹንም ከወንዙ ማዶ ወዳለው መካነ መቃብር አዛወሩ። የጣሪያ አናጢው የጎድሪ ሚስት ማዳም ፔርኔል ጎድሪ በባሏ መቃብር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች።

«ሙሴ ዶርንሌ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ከእርስዎ መወጣጫ ላይ ነው የወደቀው! አሁን ደግሞ የት ሊወስዱብኝ ነው?»

«ማዳም ጎድሪ፣ ባልዎ ስድስት መቶ ዓመት ዘግይተው ቢሞቱ እኔ ምን ላድርግ?»

«ይሁን እሺ። እንግዲያው እርስዎ ቀደም ብለው ይምጡ!»

ይህን የቃል ምልልስ ሟቹ በየዓመቱ የእራት ግብዣችን ላይ የሴትዮዋን ድምፅ እያስመሰሉ ያወጉን ነበር፤ እኛም በየዓመቱ እንስቅ ነበር። ጨዋታቸው ይናፍቀናል።

ክብርት ማዳም፣ ባለቤትዎ በሥራ ላይ ሳሉ መሞታቸውን ጠቅሰው፣ በቀድሞው ልማድ መሠረት በደቡቡ መተላለፊያ እንዲያርፉ የጻፉልን ልመና ደርሶናል። የእርሳቸውም ኑዛዜ ይኸው እንደ ሆነ ተረድተናል። ከአባላት አንዱ «ለሰውየው እንኳ አንድ ቀን ዐይናችንን ብንጨፍን ምን አለበት?» ብለው ተከራክረዋል፤ እኛም ለረጅም ሰዓት መከርን። ይሁንና ደንባቸውን በገዛ ሬሳቸው ላይ ማፍረስ የሕይወታቸውን ሥራ ሁሉ ሐሰት ማድረግ ይሆንብናል። ሙሴ ዶርንሌ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነበሩ። ያለ ምንም ፌዝ፣ በፍጹም ታማኝነት፣ እንደ መጽሐፋቸው እንሸኛቸዋለን።

ከወንዙ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በተዛወሩት አፅሞች ረድፍ ውስጥ፣ ክፍት የቀረው ቦታ በአናጢው ጎድሪ አጠገብ ያለው ብቻ ነው፤ ይህም ለሚስቱ ተጠብቆ የቆየ ነበር። አሁን በዕድሜ የገፋችውን ማዳም ጎድሪን በመልእክተኛ ጠይቀናት፣ «ይምጣ፣ ይተኛ፤ እኔ ከእግራቸው ሥር እበቃለሁ። ሁለቱም ከአንድ መወጣጫ የወደቁ ናቸው፣ የሚያወሩት አያጡም» ስትል ፈቅዳለች። ማኅበሩ ስለ ቸርነቷ በይፋ ያመሰግናታል።

ለእርስዎ፣ ለልጆችዎና አብረዋቸው ለሠሩ ድንጋይ ጠራቢዎችና አናጢዎች ሁሉ፣ ይህን ሀዘን የምትችሉበትን ጽናት ከልብ እንመኛለን።

ከትናንት ጀምሮ በደቡቡ መተላለፊያ የተቀመጠውን የአስከሬን ሣጥን እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ እንዲያስወጡልን እንጠይቃለን።

የቫልሙርስ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጠባቂ ማኅበር
ኖቬምበር 6 ቀን 1879