ሁለት እባብ በአንድ ሣጥን

ጥቅምት 12

ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ጠዋት ልብስ አጠብሁ፤ የቆዩ የፈተና ወረቀቶች አቃጠልሁ። መብራት የለም። ከሰዓት በኋላ በቆሎ ልገዛ ኢስሃቅ መጋዘን ብሄድ… ሁከት። ጫኝና አውራጆቹ አንዲት እባብ ገድለው በዱላ አንጠልጥለዋል። የቤት እባብ! ቡናማ፣ መርዝ የሌላት፣ ዕድሜዋን ሙሉ የእነሱን አይጥ ስትለቅም የኖረች። ጮህሁ። ምናልባት ከሚገባው በላይ።

ኢስሃቅ ዱሮ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬ የእህል ነጋዴ ነው። «መምህር፣ በእኛ ወግ የቤት እባብ ሦስት ቀን ይነገራታል። ‹ውጪልኝ› ብዬ ሦስቱንም ቀን ነገርኋት። አልወጣችም» አለ በትሕትና።

«በየት ጆሮዋ ትሰማሃለች! ይህን ነው ያስተማርሁህ?»

«ባዮሎጂ ከመቶ አርባ ሦስት የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ?»

ሁሉም ሳቁብኝ።

ከጆንያው ሥር ሁለት ልጆቿ ተገኙ። እንደ እርሳስ የቀጠኑ። ሸጋዬ የሚባለው ጫኝ ዱላውን ሲያነሳ በእጄ አፈስኋቸው። ኢስሃቅ በሠራተኞቹ ፊት ቃል ሰጠ፦ «ሁለቱንም እስከ ጥምቀት በሕይወት ካቆዩ፣ ከእኔ መጋዘን እባብ አይገደልም። አንዷ ከሞተች ግን፣ መምህር፣ በዱላችን አይግቡብን።»

እሽ አልሁ። አሁን ባርኔጣዬ ውስጥ ናቸው።

ጥቅምት 15

ገነነ አናጢው ሣጥኑን አመጣ። ፊቱ መስታወት፣ ሌላው እንጨት። በክዳኑ ጥግ የአምስት ሚሊ ሜትር ክፍተት! በማስመሪያ ለክቼ አሳየሁት።

«ሣጥን አሉኝ እንጂ በርሜል አላሉኝም» አለ።

አስፈታሁት። እያጉረመረመ እንደገና ሠራው።

አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ለሁለተኛው የሚሆን መስታወት ከተማው ውስጥ የለም። የዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ገለጥሁ፤ «ለየብቻ ይቀመጡ» የሚል አለ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሣጥኑም ሰፊ ነው። ምን ያጣላቸዋል?

ጥቅምት 24

ሌሊቱ መብረድ ጀምሯል። ማታ ማታ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ በሣጥኑ አንድ ጫፍ አደርጋለሁ። ጠዋት ሳያቸው ሁለቱም እዚያው ጫፍ ላይ ተቆላልፈው ተኝተዋል። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ።

የኢስሃቅ ባለቤት ናዚፋ ፀጉር ያላበቀሉ የአይጥ ልጆች በጣሳ ይዛልኝ መጣች። መጋዘኑ አያልቅበትም። ሣጥኑን አሳየኋት። «አየሽ፣ እህትማማቾች እንዴት እንደሚዋደዱ!»

ጎንበስ ብላ አየች። «ፍቅር ነው ወይስ ብርድ ነው፣ መምህር?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ስለ እባብ ሠላሳ ደቂቃ አስረዳኋት። ጣሳዋን እያጠበች ሰማችኝ። አናደደችኝ።

ኅዳር 3

ዛሬ ጉድ ልሆን ነበር።

እስከ ዛሬ አንዷን አውጥቼ፣ ሌላዋን አስቀርቼ ነበር የማበላቸው። ዛሬ ሰለቸኝ… አይ፣ መሰልቸት ብቻ አይደለም። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልሁ ነው ያደግሁ። በቤታችን ከአንድ ትሪ ያልበላ ልጅ እንደ ታመመ ይቆጠር ነበር። እና ሁለት የአይጥ ልጆች መሐል ላይ አደረግሁላቸው። ለእንግዳ እንደሚቀርብ!

ሁለቱም አንዷን ብቻ ያዙ። ትልቋ ከጭንቅላት፣ ትንሿ ከጅራት። አንዳቸውም አልለቅም አሉ። ትልቋ መዋጧን ቀጠለች… አይጧን ጨርሳ የእህቷን ራስ ጀመረች።

በባዶ እግሬ ጎረቤቴ እህተ ማርያም ቤት ሮጥሁ። አረቄ ታወጣለች።

«አረቄ ስጭኝ፣ ቶሎ! ለእባብ ነው!»

«ለእባብ? ኧረ መምህር፣ የጠጪ ሰበቡ ብዙ ነው!»

ሰጠችኝ ግን። በትልቋ አፍ ላይ ሁለት ጠብታ። አቃጥሏት አፏን ከፍታ ለቀቀች። ትንሿ ተርፋለች፤ ከንፈሯ ተቀድዷል።

ኅዳር 4

ትተነፍሳለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር።

ኅዳር 17

መሐላቸውን በካርቶን ጋርጄዋለሁ። ቁስሉ ደርቋል። ትንሿ ግን አትበላም። ይኸው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የአይጧን ልጅ አፍንጫዋ ሥር አደርግላታለሁ፣ ፊቷን ታዞራለች። አከርካሪዋ እየወጣ ነው። ትልቋ ከካርቶኑ ወዲያ ስትንቀሳቀስ ይህቺኛዋ ትሸማቀቃለች።

ጥምቀት ሁለት ወር አይሞላውም።

ዛሬ ምን አሰብሁ? ማንኩሳ አካባቢ ገበሬዎች ነዶ ሲያነሱ እንዲህ ዓይነት ብዙ ያገኛሉ። ተመሳሳይ፣ በልኳ… ማን ይለያታል?

ሠላሳ ዓመት ኩረጃ ስቀጣ የኖርሁ ሰው!

ኅዳር 22

መጋዘን ሄድሁና ሁሉንም ተናገርሁ። የትሪውን ነገር፣ የአረቄውን፣ አለመብላቷን። ኢስሃቅ አንገቱን ደፋ። ሸጋዬ ግን ጆንያውን ከትከሻው እንኳ ሳያወርድ፣

«እንግዲህ መምህር፣ እናቲቱን እኛ፣ ልጅቱን እርስዎ» አለ።

ገዳይ ተባልሁ። እኔ!

ናዚፋ ከሚዛኑ ጀርባ ተነሳች። «መምህር፣ ዶሮ አረባለሁ። አንዷ ጫጩት ከተነከሰች በካርቶን አልጋርዳትም። የሌሎቹ ድምፅም ሽታም የማይደርስበት ሌላ ክፍል ነው የምወስዳት። ከዚያ ዞር ብዬም አላያት። ያኔ ትበላለች።»

«በዶሮ ነው የምታስተምሪኝ?» ብዬ ወጣሁ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ሽታ። እባብ ዓለምን የምታውቀው በምላሷ፣ በሽታ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ነገር። የትልቋ ሽታ ያለበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ «ብይ» እላታለሁ… ያ መቆላለፍስ? አንድ ጀሪካን፣ አንድ ሙቅ ቦታ። ሌላ መሄጃ ስለሌላቸው ነበር። ሴትዮዋ ያኔውኑ ነግራኝ ነበር።

ኅዳር 23

ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ ሲባል ቡሬ ሄድሁ። መስታወት አገኘሁ። በሚኒባስ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ የእኛ መስኮት አልበቃ ብሎዎት ነው የራስዎን ይዘው የሚሄዱት?» ይላል። የእሱ መስኮት በላስቲክ የተሸፈነ ነው። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ኅዳር 26

ገነነ ሁለተኛውን ሣጥን አመጣ። ለካሁ። ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት። ቀና ብዬ አየሁት፤ ቁጣዬን ሊቀበል ተዘጋጅቶ ቆሟል። «እጅህ ይባረክ» አልሁት። ደነገጠ። ክፍተቱን ራሴ በሰም ደፈንሁት።

ትንሿ አሁን ኩሽና ናት። የራሷ ጀሪካን፣ የራሷ ውሃ፣ የራሷ መደበቂያ ቅርፊት። ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ሳምንት አላያትም ብያለሁ።

ኅዳር 29

አላየሁም። ጨርቁ ድረስ ሄጄ ተመለስሁ። አራት ጊዜ።

ታኅሣሥ 4

በላች።

ታኅሣሥ 5

በእርግጥ በላች። ከትናንት ወዲያ ማታ በጨርቁ ሥር ያስገባሁላት የአይጥ ልጅ የለችም፤ ሆዷ መሐል እብጠት አለ። የተረፈም፣ የወደቀም ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ የሣጥኑን ወለል በባትሪ ፈተሽሁ። ምንም። አረጋገጥሁ።

ታኅሣሥ 20

ቆዳዋን ጣለች። ሙሉውን፣ ከከንፈሯ እስከ ጅራቷ፣ ሳይቀደድ። ሠላሳ አራት ሴንቲ ሜትር። የቁስሉ ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ ብቻ አለ።

ቆዳውን በወረቀት ጠቅልዬ ለናዚፋ ወሰድሁላት። መንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋኝ። «ልክ ነበርሽ። እኔ አጥፍቻለሁ፣ ባለፈውም ክፉ ተናገርሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልሁ።

ቆዳውን ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው። «ስንት ሰጡኝ ታዲያ?»

«መቶ።»

«ኢስሃቅ! ሰማህ? መቶ!»

«ለእኔ አርባ ሦስት፣ ለእሷ መቶ…» ይላል ከውስጥ። «ፍርድ የለም በዚህ አገር!»

ሁለት ጀሪካን ማሞቅ እንጨት ይበላል። ይብላ።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ኢስሃቅ ዛሬ ጠዋት ብቻውን መጣ። ትልቋን ሳሎን አየ፤ ትንሿን ኩሽና አየ። ትንሿ ምላሷን አወጣችበት፤ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን ፈለገ።

«ሁለቱም አሉ» አለ።

«አሉ።»

«ለመጋዘኑ ልጆች እነግራቸዋለሁ። ሸጋዬን እንጃ። እባብ በጣም ይፈራል፤ ለዚህ ነው ቀድሞ የሚመታው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ክፋት ነበር የመሰለኝ። ስንቱን ተማሪ እንዲሁ ተሳስቼ ቀጥቼ ይሆን?

ጥር 19

ከምሳ በኋላ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም።

«መምህር፣ ሸጋዬ ነኝ። እዚህ ሚዛኑ ሥር አንዲት ገብታለች። ረጅም ናት።»

«መታሃት?»

«ኧረ! ምን ነክቶኝ? በሩን ዘግቼ ሰው ከልክያለሁ።»

«አንተ የት ነህ?»

«ጆንያ ላይ ወጥቻለሁ። ቶሎ ይምጡልኝ መምህር።»

«አይዞህ፣ አትውረድ» አልሁት። «መጣሁልህ።»