አያትሽ አጠገብ ያለው ቦታ

ከአምቦሲትራ፣ ማዳጋስካር

ልጄ ሃኒትራ፣ ፈጣሪ ከላይ፣ አያቶችሽም ከመቃብራቸው ሆነው ይጠብቁሽ። እኛ ደህና ነን፤ ቀዩ በሬ ብቻ ያነክሳል። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «ፊደልሽ እንደ በሬ ቀንድ ያምራል» ብሎኛል። እንግዲህ ስድቤን የሚያለዝብልሽ ጸሐፊ የለም፣ ተጠንቀቂ።

ቦርኒዮ ደሴት ስላገኘሽው፣ ላግባው ስላልሽው ስለዚያ ሩዲ ሰማሁ። እኛ ራኑ የምንለውን ውሃ እሱም ራኑ ይለዋል፣ ጥንት አያቶቻችን በታንኳ የተነሡት ከእነሱ አገር ነው አልሽ። ይሁን። የዶሮ ሌባም ዶሮዋን የሚጠራት በቋንቋዋ ነው!

አጎትሽ ራላይማ ደስ ብሎታል። ባለፈው እንደ ልማዳችን ሙታኖቻችንን ከቤተሰቡ መቃብር አውጥተን አያትሽን በአዲስ ሐር ጠቅልለን ስንመልሳት፣ አጠገቧ ያለውን ያንቺን ቦታ እያየ «እሷ እንደሆነ ባሕር ማዶ መቅረቷ ነው፤ ለምራቴ ስጪኝ» አለኝ።

«ከቸኮልክ አንተው ግባበት!» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ሩዙ አልወርድ ብሎኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ያንን ሩዲ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። «ብሞት አጥንቴን ወደ እናቴ አገር ትመልሳለህ?» በይው፤ ክፉ አይንካሽና። አፉን ተዪው፣ ዐይኑን እዪ። ቶሎ «እሺ» ካለ ውሸታም ነው። ከሳቀም አይሆንሽም። ዝም ብሎ ካሰበበት ግን ይዘሽው ነይ።

ሰባት ወንድ፣ ሰባት ሴት ልጅ ይስጥሽ። ቦታው ለሁለት ይበቃል፤ ራሴ ለክቼዋለሁ።

እናትሽ ራቫኦ