በቤታችን ላይ ያለፈው መስመር

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ብርዱ ሲበረታ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ተወት አደረገሽ ወይስ እንደ ልማዱ እያንገላታሽ ነው? ባለቤትሽስ? የሌሊቱ ተራ ቀርቶለት የቀን ሥራ ጀመረ ብለሽ ነበር፤ እሰየው። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ እንዴት ናት? ትንሹስ ከአልጋ እየተንከባለለ መውደቁን ተወ? እማዬ ሁለቱን ሳታነሳ ውላ አታውቅም። እኛ እንዳለን አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ደህንነታችን ጎዶሎ ነው፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም ለዚሁ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩ ሲጮህ እማዬ ምንጊዜም አጠገቤ ናት። ድምፁን ከፍ አድርገው ትለኛለች፤ አንቺ የምትዪውንም እኔ የምመልሰውንም ትሰማለች። ከዚያ ሁላችንም ምንም አልጎደለብንም ተባብለን እንዘጋለን። ፎቶ ላኩልኝ ባልሽ ቁጥር ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። አሁን ግን ውሸቱ ከአቅሜ በላይ ሆነ። አደራ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ልጆቹ በሌሉበት ቢሆን ይሻላል።

እትዬ፣ ያደግንበት ቤት ፈርሷል። አምስት ወር ሆነው። ለአዲስ መንገድ ተብሎ ነው የፈረሰው፤ እኔም አንቺ ከምታስቢው በላይ በነገሩ ውስጥ አለሁበት።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። እንደምታውቂው የምሠራው በከተማው መንገድ መሥሪያ ቤት፣ በቅየሳ ክፍል ነው። መሐንዲሱ በመሣሪያው አሻግሮ ያያል፤ እኔ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዤ በሰው አጥርና በሰው ጓሮ እቆማለሁ። ወደ ግራ ሲለኝ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲለኝ ወደ ቀኝ። አባዬ ድሮ ደስ ሲለው "የእኔ ልጅ ተገትሮ ነው የሚከፈለው" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አምና ክረምት ሊገባ ሲል አለቃዬ አንድ ትልቅ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጫፍ ጫፉን በሻይ ብርጭቆ አስያዘው። በቀይ እርሳስ የተሰመረውን መስመር በጣቴ ተከተልኩት። ከገበያው ይነሳል፣ ትምህርት ቤቱን በጓሮ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ሰፈራችን ውስጥ እንደ ቢላ ይገባል። የእኛን ቤት ጫፉን ነክቶ አላለፈም። በእማዬ ጓዳና በአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት መካከል ሰንጥቆት ነው የወጣው።

አለቃዬ ፊቴን አይቶ ገባው። ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘጋና፣ ወሬው ከዚህ ክፍል ከወጣ ሰዉ ካሳ ለመጨመር በሳምንት ውስጥ ቤት ላይ ቤት ይቀጥላል፣ ያወራ ሰው ደግሞ ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ክስም ይጠብቀዋል አለኝ። ደግሞም መስመሩ ገና ሊቀየር ይችላል ሲል ጨመረበት። እኔም በዚያች "ሊቀየር ይችላል" ላይ ተጣብቄ ዝም አልኩ። አፌ ላይ እየመጣ እየዋጥኩት፣ ሰባት ወር ሙሉ ዝም አልኩ እትዬ።

በዚያው ክረምት አባዬ የቤቱን ወለል ልቀይር ብሎ ተነሳ። የድሮው ጣውላ ስለበሰበሰ እማዬን እንዳያሰናክላት ፈርቶ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ እጅጌዬን ሰብስቤ አብሬው ሠራሁ። እሱ ይልጋል፣ እኔ ጣውላውን እይዝለታለሁ። ሲጨርስ ጫማውን አውልቆ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰበትና "ይሄስ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል" አለ። ሳቅኩለት።

እማዬን ምን ያሰናክላታል ትዪ ይሆናል። ሁለተኛው የደበቅንሽ ነገር ይኸው ነው። እማዬ ማየት ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት አለን። እሷ ግን እርጅና ነው፣ ይለቀኛል እያለች ስንት ጊዜ ደብቃን ኖሯል። ለአንቺ እንዳንነግር እኔንም አባዬንም አስምላናለች፤ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ልጆቿ ሜዳ ላይ ይቀራሉ ብላ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሆነሽ ብታያት አንቺም አታውቂባትም ነበር። ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ አንዲት ጠብታ ሳይፈስ ብርጭቆ ትሞላለች። የትኛው መዝጊያ ሲጢጥ እንደሚል፣ የትኛው ግድግዳ ጠዋት ጠዋት እንደሚቀዘቅዝ ታውቃለች። ደጅ ወጥታም እስከ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ብቻዋን ሄዳ፣ ከሚስቱ ጋር ሲጫወቱ ውለው ትመለስ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሥራ ስወጣ ሸሚዝህን ገልብጠህ ለብሰሃል አለችኝ። ዓይኗ የተመለሰ መስሎኝ ክው አልኩ፤ ለካ ትከሻዬን ስትነካ እጇ ስፌቱን አግኝቶት ነው። በሳቅ ሞተች።

መስመሩ ሳይቀየር ጸደቀ። ቤቶቹ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ቀን ሲደርስ ሌላ ሰው ተካልኝ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። ሰው የለኝም፣ ወይ ትመጣለህ ወይ መታወቂያህን ታስረክባለህ አለኝ። ሄድኩ። ረፋድ ላይ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያያል። የቀለም ቆርቆሮዬን ይዤ ከበር በር ስሻገር ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ከሱቁ ወጣ። "ለካ ጎረቤት ሆነህ ስትለካን ነው የኖርከው" አለኝ። የእሱን ሱቅ አርባ አንድ፣ የእኛን ቤት አርባ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አባዬ በገዛ እጁ በሠራው በር ላይ። ቀለሙ እስከ ደፉ ድረስ ፈሰሰ።

አባዬ መላጊያውን እንደያዘ ወጣ። ቀለሙን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። አልጮኸም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አለኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ወለሉን ከመቀየራችን በፊት ጀምሮ አልኩት።

"እያወቅክ ጣውላውን ትይዝልኝ ነበር" አለ። ጥያቄም አልነበረም። መላጊያውን መሬት ላይ አስቀምጦ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። በአንድ ገበታ ቀርበን፣ ጨው እንኳን ሲፈልግ "ልጅሽ ያቀብለኝ" ብሎ በእማዬ በኩል ነበር የሚያዘኝ።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አባዬ ክት ልብሱን ለብሶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስድስት ጊዜ ተመላልሷል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት አሉ፤ አባቴ ብላ ወንበር ስባለታለች። መልሷ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መንገዱ ለሕዝብ ጥቅም ስለሆነ ቤቱ ይነሳል። በመጨረሻው ቀን አባዬ "እኛስ ሕዝብ አይደለንም? ሕዝቡ የሚጀምረው ከማን ቤት በኋላ ነው?" ብሎ ጠይቋት፣ ልጅቷ አቀርቅራ ማኅተሙን ስታገላብጥ ቆየች ብሎ አብሮት የሄደው ፀጉር አስተካካዩ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። ስለ ካሳው ብዙ አልልሽም። ለቤቱ ሰጡን፤ የእንጨት ሥራ ቤቱ ግን ወረቀት ስለሌለው እንዳልነበረ ተቆጠረ። እኔና አንቺን ያሳደገን ቤት።

ምትኩ ከከተማው ዳር ባለ ፎቅ ላይ በዕጣ ነው የሚሰጠው። ምድር ቤቱን ለማግኘት የሐኪም ወረቀት አምጡ ተባልን። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ አላላክክም። እማዬ አሻፈረኝ አለች። "ዕውር ተብዬ መዝገብ ላይ አልሰፍርም" አለች፤ "ከተጻፈ አንድ ቀን ልጄ ጆሮ ይገባል።" ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ አኮረፍናት። እሺ ስትል ዕጣው ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ደርሶን ነበር። ሊፍቱ ገና አልገባም፤ ጉድጓዱ በጣውላ ተዘግቶ ተቀምጧል።

ዕቃችንን ጭነን ስንጨርስ እማዬ ባዶውን ቤት ብቻዬን ልዙረው አለች። እኔና አባዬ ደጅ ቆመን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ፣ እርምጃዋን እናዳምጥ ነበር። ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፤ አንድ ቦታ እንኳን አልተደናቀፈችም። ስትወጣ ዓይኗ ደረቅ ነበር። በሉ እንሂድ፣ ሰዎቹን ሥራ አናስፈታቸው አለች። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ሾፌር ሰምቷት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ። ቤቱን ለመጣል ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ፎቁ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። እማዬ ግን በገባን ቀን ግድግዳውን ስትዳስስ ቆይታ "ይሄ ቤት አያውቀኝም" አለች። ብርጭቆ መስበር ጀመረች። የመኝታ ቤቱን በር ስትፈልግ ቁምሳጥን ውስጥ ትገባለች። መጀመሪያ እየሳቀች፣ በኋላ ሳትስቅ። በዘጠነኛው ቀን፣ እኔ ሥራ ላይ፣ አባዬ ዳቦ ሊገዛ ወርዶ ሳለ፣ ደረጃው ላይ የሰማችው ድምፅ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት መስሏት ልትቀበላት ወጣች። ሴትዮዋ ሌላ ናት። እማዬ ደረጃውን ስታ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። ጉንፋን ይዟት ነው ድምፅዋ የደከመው ያልንሽ ያኔ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሐኪሞቹም አልሰነፉም። ግን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው፤ ከዚያ አታልፍም። ደጅ የሚባል ነገር ቀረ።

አባዬ ነው የሚያጥባት። ፀጉሯንም መጎንጎን ተምሯል፤ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየወጣ። ስትዳብሰው፣ ዕድሜ ልክህን አናጢ ሆነህ ሁለት እኩል ማውጣት አቃተህ ትለዋለች። በዚህ ቤት የሚሳቀው በዚህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። መንገዱ አልመጣም እትዬ። ባለፈው ወር አለቃዬ እንደገና ካርታ ዘረጋ። የሰፈራችን መሬት ሥሩ ረግረግ ነው፣ ወጪው አይቻልም ተብሎ መስመሩ ወደ ወንዙ ማዶ ዞሯል። የእኛ ቦታ እንዲያው ተጠርጎ ቀርቷል። ሄጄ አየሁት፤ አረም በቅሎበታል፣ የቆሻሻ መኪና ይደፋበታል። አዲሱ መስመር በብረት በያጆቹ ሰፈር መሀል ያልፋል። አለቃዬም ያንኑ ነገር ደገመልኝ፤ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፣ ደግሞም ሊቀየር ይችላል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ አልገባሁም። ወንዙን ተሻግሬ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። እጇ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ሴት ከፈተችልኝ። ማን እንደሆንኩና የት እንደምሠራ ነገርኳት። መስመሩ በቤታችሁ ላይ ያልፋል፣ ገና ስላልጸደቀ አሁኑኑ ተሰብስባችሁ ጠይቁ፣ የሥራ ቤት ያለው ወረቀት ያውጣለት፣ ደካማ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት የሐኪም ማስረጃ ይያዝ፣ አትደብቁ አልኳት። አላመነችኝም፤ ምን ፈልገህ ነው አለችኝ። ምንም አልኳት። ከዚያ ባሏን ጠራች፣ ባሏም ጎረቤቱን። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ከቦኝ ነበር፤ ያንኑ ነገር ስደጋግም ድምፄ ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ተባረርኩ። አለቃዬ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ክስ ሊኖር ይችላል ተብያለሁ፤ እስካሁን የጠራኝ የለም። የበያጆቹ ነገር ምን እንደሚሆን አላውቅም። ምናልባት እነሱም ይነሱ ይሆናል። ቢነሱ እንኳን እያወቁ ይነሳሉ።

ቤት ስገባ ቀኑ ገና አልተጋመሰም። አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የእማዬን እግር ያሻል። በቁሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እማዬ፣ "እንግዲያው ለእህትህም ንገራት" አለች። "መደበቅ ታከተኝ። በስልክ ግን አይሁን፤ ስታለቅስ መስማት አልችልም።" ስለዚህ ይህን የምጽፍልሽ በእሷ ፈቃድ ነው። አባዬ እግሯን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ተነሳና ወደ ማድ ቤት ገባ። ሳህን ሲንኳኳ ሰማሁ። ቆይቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣

"በልተሃል?" አለኝ።

አልበላሁም አልኩት። አቀረበልኝ፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ በላ። ከዚያ ወዲህም ብዙ አናወራም።

እትዬ፣ ነይ ወይም አትምጪ አልልሽም፤ የቤትሽን ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስትደውዪ ግን ስለ ዓይኗ ራሷን ጠይቂያት፤ ትነግርሻለች። ልጆቹንም እየተጫወቱ፣ እየተጣሉም ቢሆን፣ ድምፃቸውን ቅጂና ላኪላት። በተለይ ትንሹ ሲስቅ። ቀኑ አልመሽላት እያለ ነው።

ባለቤትሽን ወንድምህ ሰላም ብሎሃል በዪልኝ፤ በወጣ በገባ ቁጥር ራሱን ይጠብቅ። ትልቋን በጥናቷ እንድትበረታ፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች፤ የወገብሽን ነገር እንዳትንቂው፣ ሳይብስ ታከሚ ብላለች። አባዬም ሰላም በልልኝ ብሎኛል።

ወንድምሽ
ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን