ያልጨበጥኩት በረኛ

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

የዛሬው ቀልዴ ለራሴም አልጣመኝ።

ጨዋታው አልቆ፣ እንደ በረዶ ላይ ሆኪ የድሮ ሥርዓት፣ ከተጋጣሚያችን ከሴንቴኒያል ቡድን ልጆች ጋር ለመጨባበጥ ተሰለፍን። በረኛቸው ስድስት ጎል ገብቶበት ዓይኑ ቀልቷል። እጁን ሲዘረጋልኝ የኔን ሳብ አድርጌ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን ሄልሜቴን አከክኩበት። የቡድኔ ልጆች በሳቅ ፈረሱ። እሱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ይሄኔ አባዬ ከተመልካች ወንበር ተነስቶ በሥራ ጫማው በረዶው ላይ ገባ። ሆኪን «የዱላ ድብድብ» ነው የሚለው፤ ሜዳውን ረግጦት አያውቅም። እየተንሸራተተ፣ አንዴም በጉልበቱ ወድቆ፣ በረኛው ጋ ደረሰ። የልጁን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ያን የሚያህል ሰውዬ፣ የኔን እኩያ!

መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ለጨዋታ እኮ ነው። መጨባበጥ አሁን የሽማግሌ ነገር ሆኗል» አልኩት።

«ልጁ ሳቀ?» አለኝ።

ፒዮሪያ ስትሪት ያለው ቤታችን ገብተን ስልኬን ስከፍት፣ ጓደኛዬ አባዬ ሲወድቅ የቀረጸውን ፖስት አድርጎታል፣ ሙዚቃ ጨምሮበት። «አጥፋው፣ አባቴ ነው» ብዬ ጻፍኩለት።

«ምን ነካህ? በሰው መሳቅ ያስተማርከን አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። የሌላ ልጅ አባት ቢሆን ኖሮ ሙዚቃውን የምመርጠው እኔ ነበርኩ።

አባዬ ሳሎን ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እያሸ ነው። ይቅርታ ልለው ሁለቴ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ።